የተራበ አንጎል ወተት ብቻ አይበቃውም፦ ለክልሉ ጤና ቢሮና ለወሎ ጤና መምሪያዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
ይድረስ ለደቡብ ወሎና ለሰሜን ወሎ ዞን ጤና መምሪያዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የታመሙ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ሁሉ ጨዋታ፣ ወሬና እንቅልፍ ከሕክምናው ተቆጥረው ይመዝገቡ። ወተቱና ሙቀቱ እንደሚመዘገቡ እነሱም ይመዝገቡ። ሱፐርቪዥን ሲመጣም ይጠየቁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት እናቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የአንደኛ ክፍል መምህራንም እንዲያነቡት ብዬ ነው። ጉዳዩ የእነሱም ነው።

ነርስ ነኝ። የምኖረው ደሴ ነው። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በወሎ ደጋ ወረዳዎች፣ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ አንድ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው ክንዱን ነው። የክንድ መለኪያው ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ካሳየ ቀይ ነው። የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣት ተጭነን ስንለቅ ጉድጓዱ እዚያው ከቀረ እብጠት አለው። ከዚያ በየሦስት ሰዓቱ ኤፍ 75 የሚባል የሕክምና ወተት፣ አንቲባዮቲክ፣ ብርድ ልብስ ይከተላል። የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ኤፍ 100 ወደሚባለው ጠንከር ያለ ወተት ወይም ፕላምፒናት ወደሚባለው የታሸገ የኦቾሎኒ ምግብ ይሸጋገራል። ክንዱ 12.5 ሲደርስ፣ እብጠቱም ሲጠፋ፣ "ዳነ" ብለን እንሸኘዋለን።

ይህ ሕክምና ትልቅ ነገር ነው። በ1966ም ሆነ በ1977 ዓ.ም. ርኃብ የወሎ ሕፃናት ያላገኙት ነገር ነው። አንድ ፓኬት ፕላምፒናት 500 ካሎሪ ይዟል። እናት በእጇ ቀድዳ ትሰጠዋለች፤ እሳት አይፈልግ፣ በውሃ መበጥበጥ አይፈልግ። በዚህ የተረፉ ልጆችን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሕክምናውን ለመንቀፍ አልተነሳሁም። ግን ልጁን በምንሸኝበት ቀን አንጎሉ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም። ክንዱን ለክተን፣ ክብደቱን መዝነን፣ በቃ። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ትንሽ ሳይንስ ውስጥ ልግባ። ታገሡኝ፤ ያለዚህ ጥያቄዬ ባዶ ምኞት ይመስላል።

የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉት። ሴሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ቅርንጫፉ ዴንድራይት ይባላል። ቅርንጫፉ ላይ ደግሞ እጅግ ትንንሽ ጉጦች ተደርድረዋል። ሳይንቲስቶች ዴንድሪቲክ ስፓይን ይሏቸዋል። እኔ በዚህ ደብዳቤ ጉጥ እላቸዋለሁ። የአንዱ ጉጥ ርዝመት ቢበዛ ሁለት ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። በአንድ ሴል ላይ ብቻ ሺዎች ይገኛሉ። እንቅስቃሴያችንን በሚያስተካክለው በንዑስ አንጎል ውስጥ ያሉት ፑርኪንዬ የሚባሉ ትልልቅ ሴሎችማ በነፍስ ወከፍ ከመቶ ሺህ በላይ ይሸከማሉ።

መጀመሪያ ያያቸው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ካሃል ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1888 (ከዚህ በታች ያሉት የሳይንስ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ቦታው ባርሴሎና፣ የሚመረምረውም የዶሮ አንጎል ነበር። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በፈለሰፈው የብር ማቅለሚያ ሴሎቹን አጥቁሮ በማይክሮስኮፕ ሲያይ፣ ቅርንጫፎቹ እሾህ የለበሱ ሆነው አገኛቸው። ብዙዎች አላመኑትም። "የማቅለሚያው ዝቃጭ ነው" አሉት። እሱም በሌላ ቀለም፣ በሜቲሊን ብሉ፣ ደግሞ አሳያቸው። በ1906 ከዚያው ከጎልጂ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሴሎች የሚገናኙት እነዚህ ጉጦች ላይ መሆኑ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በግልጽ የታየው ግን ቆይቶ በ1959 ነው።

ሥራቸው ምንድን ነው? አንዱ ሴል ለሌላው መልእክት ሲልክ ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ይለቃል። ያን ኬሚካል በአብዛኛው የሚቀበለው የጉጡ ጫፍ ነው። ጫፉ ወፈር ይላል፤ አንገቱ ቀጭን ነው። የአንገቱ መቅጠን ትልቅ ጥቅም አለው። መልእክት ሲደርስ ወደ ውስጥ የሚገባው ካልሲየም እዚያው ጉጥ ውስጥ ታግዶ ይቆያል፤ ጎረቤቱን ጉጥ አይረብሽም። በዚህ ምክንያት ጉጦቹ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሆነውም ለየብቻ መለወጥ ይችላሉ።

ይለወጣሉም። መልእክት የሚመላለስበት ጉጥ ጫፉ ይወፍራል፣ ይጠነክራል። በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች በአንድ ጉጥ ላይ ብቻ ግሉታሜት ደጋግመው ሲለቁ፣ ያ ጉጥ በደቂቃዎች ውስጥ ሲያድግ አይተዋል። የሚነካው ያጣ ጉጥ ደግሞ እየቀጠነ ሄዶ ሊጠፋ ይችላል። በ2009 በታተመ ሌላ ሥራ፣ አይጦች በጠባብ ቀዳዳ መዳፋቸውን ሰደው ፍሬ ማንሳት ሲለማመዱ፣ እንቅስቃሴን በሚመራው የአንጎላቸው ክፍል በአንድ ሰዓት ውስጥ አዳዲስ ጉጦች በቅለው ተገኝተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ልምምዱ ካበቃ በኋላም ለረዥም ጊዜ ቆይተዋል።

ይህን ሳነብ የታየኝ የእኛው ልጅ ነው። ማንኪያ ለመያዝ እጁን ሲዘረጋ፣ ስቶ ደግሞ ሲሞክር፣ እናቱን በድምጿ ሲለይ፣ አንጎሉ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ እየተሠራ ያለ ሥራ አለ። ሥራው አካል አለው። በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ወደ ርኃቡ ልምጣ። በ1974 ዶሚኒክ ፑርፑራ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የአእምሮ እድገት ውስንነት የነበረባቸውን ሕፃናት አንጎል መርምሮ ነበር። ጉጦቻቸው ከልክ በላይ ረዣዥምና ቀጫጭን ነበሩ፤ አጠር ወፈር ያሉት ጠንካራዎቹ ጠፍተዋል። በ1999 የታተመ የሜክሲኮ ጥናት ደግሞ በቀጥታ የእኛን ክፍል ይመለከታል። በከባድ የምግብ እጥረት የሞቱ ጨቅላዎችን አንጎል፣ ደህና ተመግበው በሌላ ምክንያት ከሞቱ ጨቅላዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። የተራቡት ልጆች ቅርንጫፍ አጥሯል። ጉጡ ቀንሷል። የቀረውም ቅርጹ ተዛብቷል።

ይህ መሆኑ አይገርምም። ጉጥ የሚሠራው ከፕሮቲንና ከቅባት ነው። ብረት ይፈልጋል፣ ዚንክ ይፈልጋል፣ አዮዲንም ይፈልጋል። የሚሠራበት ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም። ፒተር ሁተንሎከር የተባለ የነርቭ ሐኪም በ1979 እንዳሳየው፣ በአንጎል ፊተኛ ክፍል የሴሎች መገናኛ ብዛት ጣሪያ የሚነካው በአንድና በሁለት ዓመት መካከል ነው። የሁለት ዓመት ልጅ በዚህ ረገድ ከአዋቂ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ የማይሠራበት እየተገረዘ ይሄዳል። እኛ ጋ አልጋ ይዘው የሚተኙት ልጆች በብዛት በዚሁ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው። ጉጡ በገፍ በሚበቅልበት ሰሞን ነው ጎተራው የሚራቆተው።

ወሎ ይህን ዋጋ ከፍሏል። ስቴፈን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ ተመራማሪዎች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ገና ትንንሽ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን ካደጉ በኋላ አጥንተዋቸዋል። ርኃቡ የመታቸው ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር አጥረው ተገኝተዋል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የመጨረስ ዕድላቸውም ዝቅ ያለ ነበር። ቁመቱን ማንም ያየዋል። ትምህርቱ ግን "ሰነፍ" በሚል ስም ተሸፍኖ ያልፋል። ዛሬ አርባ ዓመት ያለፋቸው ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉን፤ "ፊደል አልገባኝ ብሎ ተውኩት" ይሏችኋል። ጥፋቱን ራሳቸው ላይ አድርገው ኖረዋል። ይህ ያሳዝነኛል።

የድሮ ታሪክ ብቻም አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው፣ በክልላችን ደግሞ 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨርን ለማጥፋት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል በሰቆጣ ስም መጠራቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ጦርነት መጣ። ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ አልጋው፣ ሚዛኑ፣ ማቀዝቀዣው ሄደ። መፈናቀሉም አለ፤ የጃራን የተፈናቃዮች መጠለያ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በዚህ ላይ ጭንቀት ራሱ ጉጥ ይነካል። ለሳምንታት የተጨነቁ አይጦች ማሰብንና ራስን መግታትን በሚመራው የፊተኛው አንጎል ክፍል ጉጦቻቸው ሲቀንሱ፣ ፍርሃትን በሚያስተናግደው አሚግዳላ በሚባለው ክፍል ግን ሲጨምሩ ታይቷል። ከባድ መሣሪያ እየሰማ ያደገን ልጅ፣ ሌሊት ተሸክመውት የሸሹትን ልጅ አስቡት። ርኃቡም ፍርሃቱም እዚያው አንጎል ላይ ነው ያረፉት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ በተለይ ለእናቶች። "የተራበ ልጅ ጭንቅላቱ ሄዷል" የሚል ወሬ አለ። ሐሰት ነው። ከእርግዝና እስከ ሁለት ዓመት ስላሉት "የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት" የምንሰጠው ትምህርትም ሳናስበው ይህን ፍርሃት አባብሷል። ከሁለት ዓመት በኋላ በር የሚዘጋ ያስመስላል። አይዘጋም። በ2011 የወጣ ጥናት በሰው የፊተኛው አንጎል ክፍል የጉጦች መገረዝና መስተካከል እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ድረስ እንደሚዘልቅ አሳይቷል። የእንስሳቱ ዓለም ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ያስደንቃል። ክረምቱን ተኝታ የምታሳልፍ የመሬት ሽኮኮ አለች። በዚያ ረዥም እንቅልፍ የአንጎሏ ቅርንጫፎች ያጥራሉ፣ ጉጦቿም ይቀንሳሉ። ስትነቃ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳሉ። ጉጥ ይሄዳል፤ ጉጥ ይመጣል።

ምን ይመልሰዋል ነው ጥያቄው። ምግብ ግድ ነው። ግን ምግብ ብቻ አይደለም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የተሠሩ ሙከራዎች በባዶ ሳጥን ያደጉ አይጦችን፣ መጫወቻና ጓደኛ በበዛበት ሳጥን ካደጉት ጋር አወዳድረዋል። መኖው አንድ ነው። ጉጡ ግን መጫወቻ ባለበት ሳጥን ያደጉት ላይ በዛ።

አይጥን ተዉት ካላችሁኝ ወደ ሰው ልጅ ልሂድ። በጃማይካ ሳሊ ግራንተም-ማክግሬገርና ባልደረቦቿ የቀነጨሩ ሕፃናትን በአራት ምድብ ከፈሉ። አንዱ ምድብ ተጨማሪ ምግብ አገኘ። አንዱ ጨዋታ አገኘ፤ የአካባቢው ጤና ሠራተኛ በየሳምንቱ ቤት ድረስ እየሄደች እናት ከልጇ ጋር እንድትጫወት፣ እንድታወራ ታሳያታለች፤ መጫወቻው እቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። አንዱ ሁለቱንም አገኘ። አንዱ ምንም። ሥራው ሁለት ዓመት ቆየ፤ ውጤቱ በ1991 ታተመ። ምግቡም ጠቀመ፣ ጨዋታውም ጠቀመ፣ ሁለቱንም ያገኙት ከሁሉ በለጡ። ዓመታት ሲያልፉ የምግቡ ብቻ ጥቅም ደበዘዘ፤ የጨዋታው ቆየ። ከሃያ ዓመት በኋላ ተፈልገው ሲገኙ፣ ጨዋታ ያገኙት ልጆች ካላገኙት 25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ነበራቸው።

እዚያ ማንም የልጆቹን አንጎል ከፍቶ ጉጥ አልቆጠረም፤ አይቆጠርምም። በሕያው ልጅ ላይ የሚታየው ልጁ ራሱ ነው። ግን በእንስሳቱ ላይ የታየው መንገድና በልጆቹ ላይ የታየው ውጤት ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ። ለእኔ በቂ ነው። በአገራችንም ጅማ ላይ ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ሆስፒታል ለገቡ ሕፃናት በጨዋታ የተደገፈ ሕክምና ተሞክሯል። እኛ ጋ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

አዲስ ነገር እንድትፈጥሩም አልጠየቅኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ሕክምና አሥር እርምጃዎች አስቀምጧል። ዘጠነኛው የስሜት ሕዋሳትን ማነቃቃትና ፍቅር መስጠት ነው። በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ የታቀደ ጨዋታ ይላል። የደም ስኳር ማነስን ማከም አንደኛው እርምጃ ነው፤ አንዳችንም አንዘለውም። ዘጠነኛውን ግን በሠራሁባቸው ክፍሎች ሲዘለል ነው ያየሁት። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። የልጁ የየቀኑ ክትትል የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ፣ መልቲቻርቱ፣ ላይ ሙቀት አለ፣ ወተት አለ፣ ትውከት አለ፣ ክብደት አለ። ለጨዋታ መስመር የለም። መስመር የሌለውን ነገር ደግሞ የደከመ ነርስ አይሠራውም።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ከገደል ማዶ ካለ ቀበሌ ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ዓመት ተኩል ያህል ይሆነዋል። እግሩ አብጧል፣ ፀጉሩ ቀልቷል። አያለቅስም፤ ብትነኩትም አይዞርም። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ነው። ሥራ ላይ የነበረው ባለሙያ "አትነካኪው፣ ይረፍ" አላት። ለደህናው ብሎ ነው። እሷም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ወተት ሲመጣ ታጠጣዋለች፤ ከዚያ እንደገና እጇ ጭኗ ላይ። ለቀናት እንደዚህ።

ጎን አልጋ ላይ ከቆላ የመጣች ሌላ እናት ነበረች። የራሷ ልጅ እየተሻለው ነው። አንድ ቀን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጥቂት ሽምብራ ጨመረች፤ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ በጨርቅ አሰረችው። ለልጇ ታንኳኳለታለች። ድምፁን ሲሰማ ያ ጣሪያ የሚያየው ልጅ ዓይኑን ዞር አደረገ። ሁላችንም አየን። ሴትዮዋ "አብሽሪ እህቴ፣ ልጅሽ እየሰማ ነው" ብላ ሃይላንዱን ሰጠቻት። እናቱ መጀመሪያ ወደ እኛ ተመለከተች፤ ይፈቀዳል ወይ እንደማለት። ከዚያ ቀስ ብላ ነቀነቀችው። ማታ ላይ እሹሩሩ ስትልለት ሰማኋት። ያን ልጅ ያዳነው ወተቱና መድኃኒቱ ነው፤ ሌላ አልልም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ እናቱ ልጇን ማየት ጀመረች፤ ልጁም እናቱን። ወተቱን ሲጠጣም ፊቷን እያየ ሆነ።

ያቺ እናት ወደ እኛ ፈቃድ ፍለጋ ማየቷ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። እሹሩሩ የራሷ ነው። መንዙማው የራሷ ነው። ኩኩሉ፣ የጭቃ በሬ፣ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ "ተረት ተረት፣ የላም በረት" የወሎ እናት ከእናቷ የተቀበለችው ሀብት ነው። ነጭ ጋውን ስታይ በሩ ላይ ትታው ትገባለች። ዝም ማለት ጨዋነት ይመስላታል። እኛ ነን "ይዘሽው ግቢ" ማለት ያለብን።

ስለ እንቅልፍም ልናገር፤ ይህ ክፍል ከሁሉ ርካሹ ነው። በ2014 የታተመ ጥናት አይጦችን በሚሽከረከር ዘንግ ላይ መሮጥ አስተምሮ ነበር። ከትምህርቱ በኋላ የተኙት አዳዲስ ጉጥ በብዛት አወጡ። እንዳይተኙ የተደረጉት ግን ጥቂት ብቻ። የእኛ ክፍሎች መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። በር ይንኳኳል፣ ስልክ ይጮኻል፣ አስታማሚ ይገባል ይወጣል። የሦስት ሰዓቱ ወተት ግድ ስለሆነ ልጁ መቀስቀሱ አይቀርም። ግን በመካከሉ ትልቁ መብራት ጠፍቶ አንዲት ትንሽ ብትበራ ምን ይጎድላል? ብር እንኳ አያስወጣም፤ ያተርፋል።

"ሠራተኛው በሥራ ብዛት ደክሟል፣ አንድ ነርስ ስንቱን ታድርግ" እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ ድካሙን አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ጨዋታው የነርሷ ሥራ ብቻ እንዲሆን ያልጠየቅኩት። ነርሷ ታሳያለች፣ ትመዘግባለች። የምትጫወተው እናት ናት። አባትም ይምጣ፤ አያትም ትምጣ። ከጎን አልጋ ያለችውም አለች። እናቲቱን ሆድ የባሳት እንደሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሷን ማዳመጥ ነው። ግቢው ጥግ ላይ እናቶች ቡና እንዲያፈሉ የፈቀደ ጤና ጣቢያ አውቃለሁ። ከስኒው ዙሪያ የሚወራው ወሬ ስንቷን እናት መልሶ ለልጇ እንዳበቃ ባየሁት እመሰክራለሁ።

"ኢንፌክሽን ያመጣል" የሚለው ስጋትም እውነት ነው። መጫወቻው የሚታጠብ ይሁን፤ በሳሙና ታጥቦ፣ በበረኪና ተዘፍዝፎ ይድረቅ። ትንንሽ ነገር፣ የሚዋጥ ቆርኪና ፍሬ፣ ልጅ እጅ አይግባ። ገና በገባበት ሰሞን የደከመ ልጅን ማጫወት አያስፈልግም፤ መታቀፍ፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ሙቀት ይበቃዋል። የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ነው ጨዋታው የሚጀመረው።

እግረ መንገዴን፣ የእነዚህ ጉጦች ነገር በሕፃን አያበቃም። በአልዛይመር ሕመም መገናኛዎቹ መጥፋታቸው ከመርሳቱ ጋር በቅርብ የተያያዘ ነው። "ጃጁ" ብለን የምንተዋቸው አረጋውያን ውስጥ በሽታ ያለባቸው አሉ። በስኪዞፍሬንያ የፊተኛው አንጎል ክፍል ጉጦች አንሰው ተገኝተዋል፤ በኦቲዝም ደግሞ በዝተው። እነዚህ ሕመሞች እኛ ጋ አሁንም በእርግማንና በመንፈስ ይተረጎማሉ። ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ ዛሬ ከሕፃናቱ አልወጣም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ መልቲቻርቱ ላይ ያቺ መስመር ትግባ። ማተሚያ ቤት እስኪደርስ በእስክሪብቶ ማስመር ይቻላል። ቀጥሎ በየክፍሉ አንድ ሰሌንና አንድ ሣጥን ይኑር፤ ሣጥኑ ውስጥ የጨርቅ ኳስ፣ የሃይላንድ ማንኳኳቻ፣ ኩባያዎች፣ የጨርቅ አሻንጉሊት። የየአካባቢው ቅሬ (ዕድር) ይህን ለመሥራት የሚለምነው አይፈልግም፤ ጠይቁት ብቻ። ጤና ኬላ ላይ ፕላምፒናት ለመውሰድ በየሳምንቱ የሚመጡ እናቶች ፓኬቱን ተቀብለው ከመሄዳቸው በፊት አሥር ደቂቃ ከልጃቸው ጋር ይጫወቱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትመልከት፣ ታበረታታ። ልጁ ፕላምፒናቱን ሲበላም ፊት ለፊት ተቀምጠው ያውሩት።

ሲሸኝ ደግሞ ክንዱ ብቻ አይለካ። ይቀመጣል ወይ? ስሙን ሲጠሩት ይዞራል? ያየውን ነገር ያነሳል? የወደቀበትን ይፈልጋል? ካርዱ ላይ ይጻፍለት። ከሦስት ወር በኋላም ይታይ፤ ወደ ኋላ የቀረ ካለ ተለይቶ ይረዳ። ወሎ ዩኒቨርሲቲና በደሴና በወልዲያ ያሉ የጤና ማሠልጠኛዎች ይህን ለተማሪዎቻቸው በሕፃኑ አልጋ አጠገብ ቢያሳዩ፣ ለአዲሱ ነርስ ነገሩ እንደ ወተቱ የተለመደ ይሆናል።

ለመምህራንም አንዲት ቃል። ርኃብ ያለፈበት ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ አለ። ቀስ ብሎ ይገባው ይሆናል፣ ይረሳ ይሆናል። ደጋግማችሁ ንገሩት። መደጋገም ጉጥ ያወፍራል፤ ስድብ ግን ጭንቀት ነው፣ ጭንቀት ምን እንደሚያደርግ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ሁሉም ወረዳ ላይ በአንድ ቀን ይጀመር አላልኩም። ደላንታ ይሁን መቄት፣ ዋድላ ይሁን ለጋምቦ፣ ፈቃደኛ በሆነ አንድ ወረዳ ይሞከር። የሚሠለጥን ሰው ከተፈለገ እኔና ጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ በእረፍት ቀናችን ያለ አበል ለመምጣት ዝግጁ ነን። መልቲቻርቱ ላይ እንድትገባ የምጠይቃት መስመር አራት አጫጭር ጥያቄዎች አሏት። ሰንጠረዡን ለማሻሻል የምትሰበሰቡ ከሆነ እንዳለች ውሰዷት፤

ዛሬ ከልጁ ጋር ማን ተጫወተ?
ስንት ደቂቃ?
ልጁ ምን አደረገ? አየ፣ ያዘ፣ ድምፅ አወጣ፣ ፈገግ አለ?
ሌሊት መብራት ጠፍቶለት ተኛ?

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሕፃናት ክፍል ነርስ
ደሴ